የአንድ ቀን እንቁላል

ላሙን እባላለሁ፤ በቴክኒክ ኮሌጃችን የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ሲባል ቢሮና ጸሐፊ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ጠባብ ክፍልና አንዲት መስኮት ነው ያለኝ፤ በመስኮቷ ጠዋት መፍቻና ግራይንደር አወጣለሁ፣ ማታ ቆጥሬ አስገባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መዶሻ ከሚጥሉ ተማሪዎችና ፊርማ ከሚረሱ መምህራን ጋር ስነታረክ ኖሬያለሁ። ምላሷ ረዘም ይላል ይሉኛል። ይበሉ።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት የቪትሳኑካም ሐውልት አለ። የእጅ ባለሙያ ሁሉ አምላክ ነው፤ በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው ቱንቢ ይዞ ወርክሾፑን ሲያይ ይውላል። የሚወደው ስእለት የተቀቀለ እንቁላል ነው። ፈተና የፈራውም፣ ሥራ ያጣውም፣ ሞተር ብስክሌቱ የጠፋበትም መጥቶ ስሙንና ሰፈሩን ይነግረውና «ይህን ያህል እንቁላል አመጣልሃለሁ» ብሎ ይሳላል። የለመነው ከሆነለት ይከፍላል፤ ካልሆነለት ዞር ብሎም አያየው። አምላኩ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ እንቁላሉን ሰው ይበላዋል፤ ቅርፊቱን የምጠርገው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ዳይሬክተራችን ዓምና «በሐውልቱ ፊት እንቁላል ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲያስለጥፉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። «ተማሪ በእጁ ይለፍ እንጂ በዶሮ ጉልበት አይለፍ» አልኩ። ይህን ማለቴን አትርሱብኝ፤ በኋላ ያሳፍረኛል።

ኦራታይ የዳክዬ አርቢው የቡንሎም ልጅ ናት። በአሥራ አምስት ዓመቷ ብየዳ ልትማር ስትመጣ በክፍሉ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን መስኮቴ ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ጭንብሉ ሰፋኝ፤ ጎንበስ ስል ይወልቃል» አለችኝ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ከኋላዋ አሰርኩላት። አምስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ላስቲክ ስቀይርላት ኖርኩ። እጇ በትናንሽ የቃጠሎ ነጠብጣብ ተሞላ፤ ወንዶቹ ደግሞ ብየዳቸው ሲበላሽ ተደብቀው እሷ ጋ መሄድ ጀመሩ።

አባትየው ሁለት ሺህ ዳክዬ አለው። ሩዝ ከታጨደ በኋላ ከማሳ ማሳ እየነዳ የወዳደቀውን ፍሬ ያስለቅማቸዋል። ሚስቱ ከሞተች አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። ለሠርግም ጥራው፣ ለወላጆች ስብሰባም ጥራው፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ዳክዬ ቆየኝ ቢሉት አይቆይም።»

ባለፈው ዓመት በመምህራን ማክበሪያ ቀን ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መጣ። አበባው ቀርቦ፣ ጸሎቱ ተደርሶ ሲያበቃ የብየዳው መምህር ፕራዮን ተነሥቶ የምሥራች ተናገረ። ራዮንግ በምትባል የባሕር ጠረፍ ከተማ ያለ የመርከብ ፋብሪካ በዓመቱ መጨረሻ ፈታኞች ይልካል፣ ሁለት በያጆች መርጦ ይቀጥራል አለ። የኦራታይ እጅ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። ቡንሎም ከኋላ ተነሣ።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ አራት ዓመት ብረት ስታቃጥል ዝም አልኩ» አለ። «እኔ አንድ ነኝ፤ ዳክዬዎቹ ሁለት ሺህ ናቸው። ካለፈች ትሂድ። ከወደቀች ግን በማግስቱ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ማሳ ትወርዳለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ብየዳ አንድ ቃል አልሰማም።»

«ይሁን!» አለች ኦራታይ።

«ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ይስማ!»

እኔ ደሜ ፈላ። ልጅን በሰው ፊት እንዲህ ያዋርዷል? ከስብሰባው በኋላ መስኮቴን ልዘጋ ስል ቡንሎም ሐውልቱ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር አየሁት። እንኳን ሰላም ልለው፣ መስኮቱን ጓ አድርጌ ዘጋሁበት።

ከዚያ ዘጠኝ ወር ኦራታይ ወርክሾፑን መኝታዋ ልታደርገው ምንም አልቀራት። ፈተናው ቀላል አይደለም። የሚበየደው ቧንቧ በሰያፍ ይታሰራል፣ ማዞር ክልክል ነው፤ በያጁ ራሱ ይዞረዋል፤ ከላይ ቆሞ፣ ከጎን ተንበርክኮ፣ ከሥር በጀርባው ተኝቶ። ከዚያ ከተበየደው ላይ አራት ቁራጭ ይወጣል፤ እያንዳንዱ በማጠፊያ ማሽን ይታጠፋል። የተከፈተው ስንጥቅ ከሦስት ሚሊሜትር ካለፈ ወደቀ ማለት ነው።

ፈተናው የዋለው ሐሙስ ነው። ተፈታኞቹ ስምንት ነበሩ። ቡንሎም አልመጣም፤ ዳክዬ አይቆየውማ። እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ የጸዳ ፒንሳ እያጸዳሁ ወርክሾፑ በር ላይ ቆምኩ። ኦራታይ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተኝታ ስትበይድ የሚታየኝ ጫማዋና የብልጭታው ብርሃን ብቻ ነበር።

ሲታጠፍ የመጀመሪያው ቁራጭ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። አራተኛው ሲታጠፍ ግን ወገቡ ላይ ጥቁር ጭረት ታየ። ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ሰውዬው መነጽር ሲጠርግ እኔ አሥር ዓመት አረጀሁ። መለኪያውን አስጠጋ።

«ሁለት ሚሊሜትር» አለ። «አልፋለች።»

ከሁሉ በላይ የጮኸው የክፍሏ ልጅ ዴቻ ነበር፤ እሱ ራሱ የወደቀው ከሩብ ሰዓት በፊት ነው። ኦራታይ አልጮኸችም። ጭንብሏን አውልቃ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ላስቲኩን በጣቷ ትስበው ጀመር። ማክሰኞ ሥራ ትጀምራለች ተባለ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። የፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ ሐውልቱ ፊት ቆሜ ነበር። «እኔ ላሙን፣ እዚሁ መስኮት ያለሁት፣ ታውቀኛለህ። ይቺ ልጅ ትለፍ፤ ሃምሳ እንቁላል አለህ» አልኩት። ያ ሁሉ ጭብጨባዬ የት ገባ አትበሉኝ። እጅ ያጨበጭባል፣ ሆድ ይሳላል።

ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቅርጫቴን ይዤ ቦይ ዳር ወዳለው ገበያ፣ ወደ እንቁላል ሻጯ ወደ ማሊዋን ሄድኩ። ገና ሳልደርስ መምህር ፕራዮንን ከሙዝ ዘለላ ጀርባ ተሸሽጎ አገኘሁት። ሁለት ከረጢት ይዟል።

«ሙዝ ነው?» አልኩት።

«ሙዝ ነው እትዬ።»

«ክብ ሙዝ?»

ፊቱ ቀላ። «መቶ ተስዬ ነበር። በናትዎ ለዳይሬክተሩ እንዳይነግሩብኝ። እርስዎስ?»

«እኔ ለእራት ነው።»

«በዚህ ቅርጫት ሙሉ?»

«ይርበኛል!»

ይህን ስንባባል ዴቻ የሞተር ብስክሌቱን ኋላ በእንቁላል ካርቶን ጭኖ፣ እንቁላሉ እንዳይሰበር እየገፋ አለፈ። ሲያየን ክው አለ። ከኋላው የበር ጠባቂው፣ ከጠባቂው ኋላ የምግብ ቤቷ አብሳይ። ሁሉም ለየብቻው፣ ሁሉም በምሥጢር፣ ሁሉም ለኦራታይ። አንዳችን ለሌላችን ብንነግር ኖሮ አንድ መቶ እንቁላል ለሁላችንም ይበቃን ነበር። ግን ማስታወቂያው ተለጥፏላ፤ ማን ይናገር?

«ዛሬ ምን ጉድ ነው?» አለች ማሊዋን ባዶ ሊሆን የደረሰ መደቧን እያየች። «ኮሌጃችሁ ድግስ አለው እንዴ?»

የቀራትን ሃምሳ ስትቆጥርልኝ አንድ ወፍራም ሰውዬ በእግሩ መጣ። በእግሩ ይምጣ እንጂ የሞተር ብስክሌት ቆብ አድርጓል፣ ጥቁር መስታወቱንም እስከ አገጩ አውርዶታል።

«ለእርስዎ ስንት ልስጥዎ፣ ዳይሬክተር?» አለች ማሊዋን። ያን ሆድ የማያውቅ የለም።

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ዳይሬክተሩ መስታወቱን ቀስ ብለው አነሡት።

«ባለቤቴ ናት የተሳለችው» አሉ።

«ባለቤትዎ ኦራታይን ያውቋታል?» አልኩ እኔ፣ መቼም አፌ አያርፍም።

«ሁለት መቶ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካለፈች ቅዳሜ ጠዋት አስረክባለሁ ብያለሁ። ቀኑን ለምን ጠራሁት?»

ቀን ተጠርቶ ቀኑ ካለፈ የተሰጠው ተመልሶ ይወሰዳል። ይህን የማያውቅ በያጅ የለም። የማሊዋን መደብ ላይ ግን አንድ እንቁላል አልቀረም።

«ዛሬውኑ ሁለት መቶ ያለው ቡንሎም ብቻ ነው» አለች። «የዳክዬ ቢሆንም እንቁላል እንቁላል ነው።»

በዳይሬክተሩ ፒክአፕ ሦስታችን ሄድን፤ እሳቸው፣ መምህር ፕራዮንና እኔ። ቡንሎም ማሳው ዳር ካለው የዳክዬ ጎጆው ፊት ዳክዬዎቹን እያስገባ ነበር። ኦራታይ የጤና ወረቀቷን ልታስጨርስ ከተማ ስለሄደች ብቻውን ነው። ዳይሬክተሩ ጉዳዩን በትሕትና አስረዱት።

«የሚሸጥ እንቁላል የለኝም» አለ።

ዞር ስል በጣራው ጥላ ሥር እስከ ትከሻዬ የተደረደረ፣ ሰማያዊ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁ። የሸራውን ጫፍ ገለጥ አደረግኩት። እንቁላል ነው፤ ነጭ፣ ትልልቅ፣ በካርቶን በካርቶን የተደረደረ።

«ይኸው አይደለም እንዴ?»

«የሚሸጥ አይደለም፣ እትዬ።»

«ለልጅህ ስእለት ነውኮ ሰውዬ!»

«ገብቶኛል። የሚሸጥ አይደለም።»

አሁን ነው ምላሴ የተፈታው። «ልጅህ አለፈችብኝ ብለህ ነው ያኮረፍከው?» አልኩት። «አምስት ዓመት ጭንብሏን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። አንተ ምን አደረግክላት? ፈተናዋን እንኳ ልታይ አልመጣህም። ቆይ፣ ምናልባት እንድትወድቅ ተስለህ ይሆናል! ሰው በዳክዬ ላይ እንኳ እንዲህ አይጨክንም!»

ቡንሎም አልተቆጣም። አጥሩን ዘጋ፣ መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካካ።

«መንገዱ ሳይመሽባችሁ ሂዱ» አለ።

በመንገድ ላይ መምህር ፕራዮን አጽናናኝ፣ ዳይሬክተሩ ግን የሚያጽናናቸው አጡ። በስተመጨረሻ ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ሴት የድርጭት እንቁላል ስትጠብስ አዩና ፒክአፑን አቆሙ። «ትልቅነቱን አልተናገርኩም» አሉ። ሁለት መቶ ጥሬ የድርጭት እንቁላል በአንዲት ፌስታል ገባላቸው፤ ደስታቸው ወሰን አጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦራታይ መስኮቴ ላይ መጣች። የወርክሾፕ ሸሚዟን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ይዛለች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ አልሄድም» አለችኝ።

«ምን?»

«አባዬ ከሐሙስ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም። ማለፌን ስነግረው 'እ' ብሎ ወጣ፤ ትናንት ማታም ማሳው ዳር ነው ያደረው። ትሂድ ብሎ ነበር፣ እሺ። ግን ተቀይሞኝ ብሄድ በየት ሆዴ ነው ብረት የማቀልጠው? ዛሬውኑ ለፋብሪካው ደውዬ ተውኩት እላለሁ።»

አንጀቴን በላችው። ትናንት ያየሁትን ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አባትሽ እንቁላሉን ደበቀብን ብላት ከዚያች ደቂቃ አታልፍም፤ ስልኳን አንሥታ ትደውላለች። በሃያ ሁለት ዓመት ምላሴ ያጠረው ያን ቀን ነው።

«ከመደወልሽ በፊት ስእለታችንን እይልን» ብቻ አልኳት።

ይዣት ወጣሁ። ሐውልቱ ፊት ሁሉም ተሰብስቧል። የኔ ሃምሳ፣ የፕራዮን መቶ፣ የዴቻ ዘጠና ዘጠኝ፣ የጠባቂው፣ የአብሳይዋ፤ ደረጃው ሁሉ እንቁላል ሆኗል። ዳይሬክተሩ ድርጭታቸውን ደርድረው የጨረሱት ልክ «በጥብቅ የተከለከለ ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ነበር። ኦራታይ አንዱን አይታ ሌላውን አየች፤ መሣቅም ማልቀስም አቃታት።

«ይህ ሁሉ ለኔ ነው?»

«በብየዳሽ አልተማመንንም ማለት አይደለም» አለ ዴቻ። «ፈታኙን ነው ያላመንነው።»

በዚህ መሐል በሩ ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ቡንሎም ነው። ጎን ተሳቢ ባላት ሞተር ብስክሌቱ ያንኑ ሰማያዊ ሸራ ጭኗል። እጁ እስከ ክርኑ ጥላሸት፣ ዓይኑ በጭስ ደም መስሏል። ማንንም ሰላም ሳይል ካርቶኑን ማውረድ ጀመረ። አወረደ፣ አወረደ፤ ደረጃው ሞላ፣ ሣሩ ላይ ቀጠለ፣ እስከ መስኮቴ ሥር ደረሰ። ሁሉም ተቀቅሏል፤ አንዳንዱ ገና ይሞቃል። ከሁሉ በላይ አንዲት ትንሽ ፌስታል አስቀመጠ።

ከዚያ ተንበረከከ፤ እንደ ደንቡም ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ።

«እኔ ቡንሎም፣ ከቦዩ ማዶ ሦስተኛው ቤት፣ የኦራታይ አባት። በመምህራን ቀን እዚሁ ቆሜ ልጄን አሳልፍልኝ ብዬህ ነበር። ዳክዬዎቼ በአንድ ቀን የሚጥሉትን ሁሉ ብያለሁ። ይኸው የሐሙስ እንቁላል። አንድም አልሸጥኩም። ስድስት ተሰብረዋል፣ እነሱንም አምጥቻለሁ፣ ፌስታሉ ውስጥ አሉ።»

የመምህራን ቀን! ያን ቀን ማሰሪያ ሲያስር ያየሁት። እግሩን አየሁት፤ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው። ቡንሎም በዕድሜ ዘመኑ ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርጎ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። እንድትወድቅ ተስለህ ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያ ተስሎ ቢሆን ኖሮ መች ይህን ሁሉ ያመጣ ነበር፣ ያልሆነለትን ስእለት ማን ይከፍላል?

ኦራታይ የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ» አለች። «ያን ቀን? ያን ቀን በሰው ፊት ያን ሁሉ ብለኸኝ ወዲያው?»

ቡንሎም ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «ላንቺ የነገርኩሽ አፌ ያለውን ነው» አለ። «ለሱ የነገርኩት ሆዴ ያለውን። እሱን መዋሸት አይቻልማ።»

«ከሐሙስ ወዲህስ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ስእለቴ ሳይከፈል ደስ ብሎኛል ብል ይቀርብሽ መሰለኝ። ፈራሁ።» የወደቀውን ሸሚዟን አነሣላት። «ደስ ብሎኛል። አሁን ከፍያለሁ፤ መናገር እችላለሁ። በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ልጄ።»

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ዞር አድርገው ያን የሞተር ብስክሌት ቆብ ፈለጉ፤ አላመጡትም እንጂ መስታወቱ ይጠቅማቸው ነበር። እኔ ወደ ቡንሎም ተጠጋሁ።

«ጋሼ ቡንሎም፣ ትናንት ያልኩህን…»

«ተይው እትዬ። ለልጄ ብለሽ ነው። ጭንብሏን አስረሽላታል፤ ያን ነግራኛለች።»

ኦራታይ የዳክዬ እንቁላል ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አፏ አይገባም፤ እናቷ የሞተች ሰሞን አባቷ ሌላ የሚሠራላት አጥቶ ጠዋትም ማታም እሱን በጨው ሲመግባት ከርሟል። አምላኩ ድርሻውን ወስዶ ሲያበቃ ከአባቷ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ አንዱን አነሣች፣ በጉልበቷ ሰበረችው፣ ላጠችው። ቡንሎም ከደረት ኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው አወጣ።

«ረሳሁት ብለሽ ነበር?» አለ።

ሙሉውን በላች። ሁለተኛ አነሣች። እያለቀሰች ነው፣ እየበላችም ነው፤ ጨው የሚያስፈልጋት አልመሰለኝም።

«አውቶቡሱ ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?» አላት።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ግን በዚያ ሰዓት አንተ ዳክዬዎቹን…»

«ራዮንግ ድረስ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ ቡንሎም፣ ለራሱ አንድ እንቁላል እየላጠ። «ዳክዬዎቹ ይቆዩኛል።»